ርቀቱን ለ900 ማካፈል የጉዞ ሰዓት አይሰጥም

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። በሁለት ሩቅ ከተሞች መካከል ያለውን የበረራ ርቀትና የጉዞ ሰዓት ማንም ሰው በአምስት ደቂቃ ማስላት ይችላል ይላል። ዘዴውንም ያሳያል። ካርታ ላይ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ አገናኝ። አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ስለሚበር ርቀቱን ለ900 አካፍል። የመሄጃውና የመመለሻው ሰዓት ቢለያይ ምድር ስለምትዞር ነው፤ ደርሶ መልሱ ሲደመር ግን ይካካሳል። ቲኬት ከያዝክ ደግሞ የመነሻውን ሰዓት ከመድረሻው ቀንስ። ትራንዚት ካለው ሁለቱን በረራዎች ደምር። መጨረሻው ላይ የከተሞች ሠንጠረዥ ተቀምጧል፤ ለእያንዳንዱ የከተማ ጥንድ አንድ ርቀትና አንድ ሰዓት ተጽፎለታል።

ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም። አጻጻፋቸውም ግልጽ ነው። ግን ከአምስቱ ነጥቦች አንዱም እንዳለ የሚያዝ አይደለም። ነገሩ ደግሞ ሰው ይጎዳል። በእንዲህ ያለ ስሌት ተማምኖ ሁለት ቲኬት ለየብቻ የሚቆርጥ አለ፤ ሁለተኛው አውሮፕላን ጥሎት ይሄዳል። በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰው ቀኑን በዚህ ይመድባል። ሕፃን ይዛ የምትጓዝ እናት ስንት ጡጦ ወተት እንደሚበቃት በዚህ ታሰላለች። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ከማስመሪያው ልጀምር። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ የሚለካ ርቀት ከተሞቹ በተራራቁ ቁጥር ይበልጥ ይሳሳታል። ግድግዳ ላይ የለመድነው የዓለም ካርታ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ገራርዱስ መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 ያወጣው ነው። መርካቶር ካርታውን የሠራው ለመርከበኞች ነበር። መርከበኛው ኮምፓሱን በአንድ አቅጣጫ ይዞ ሲሄድ መንገዱ በካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር እንዲሆንለት ፈለገ። ለዚያ ሲል ወደ ዋልታዎች የሚጠጋውን መሬት ሁሉ መለጠጥ ነበረበት። 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር እጥፍ ሆኖ ይታያል። ግሪንላንድ አፍሪካን የምታክል የምትመስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በእውነቱ አፍሪካ 14 እጥፍ ገደማ ትበልጣታለች።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቤጂንግና ኒው ዮርክ ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 40 ዲግሪ አካባቢ ላይ ናቸው። ካርታው ላይ በማስመሪያ ስናገናኛቸው መስመሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቀጥ ብሎ ይጋደማል። ያንን መስመር ይዞ ፓስፊክን የሚያቋርጥ አውሮፕላን 14,400 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ትክክለኛው አጭር መንገድ ግን 11,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚያልፈውም በሰሜን ዋልታ አጠገብ ነው። ልዩነቱ 3,400 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም አራት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው በረራ ነው።

የማያምን ሰው ሉል ካገኘ ይሞክረው። ክር ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ ቤጂንግ ላይ በአውራ ጣት ያዙት። ሌላውን ጫፍ ኒው ዮርክ ላይ አድርጉና ክሩን ወጠር አድርጉት። መጀመሪያ ፓስፊክ ላይ ብታስቀምጡትም እዚያ አይቆይም። ስትወጥሩት ወደ ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ ዋልታው አጠገብ ያርፋል፤ ጣታችሁ ሥርም ትርፍ ክር ይቀራል። ያ ትርፍ ክር ነው ማስመሪያው የደበቀው ርቀት።

ጸሐፊው አውሮፕላኖች ካርታ ላይ ጎበጥ ያለ መንገድ የሚይዙት ከየብስ ላለመራቅ ብለው ነው ይላሉ። የሚጎብጠው ግን ካርታው ነው። መንገዱ በሉሉ ላይ ከሁሉም ያጠረው ነው። እርግጥ የአባባላቸው ግማሽ እውነት አለው። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሞተር ቢጠፋ በቀረው ሞተር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሊደርስበት የሚችል አየር ማረፊያ እንዲኖር ሕግ ያስገድዳል። በአሜሪካ ይህ ገደብ እ.ኤ.አ. በ1953 የ60 ደቂቃ ነበር። በ1985 ወደ 120 ደቂቃ ከፍ አለ። ኤርባስ ኤ350 ደግሞ በ2014 እስከ 370 ደቂቃ ድረስ ተፈቅዶለታል። በዛሬዎቹ ሞተሮች በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ያሉ አብዛኞቹ መስመሮች በዚህ ምክንያት አይጠመዘዙም። ሕጉ የሚሰማው እንደ ሲድኒና ሳንቲያጎ ባሉ፣ ከአንታርክቲካ በላይ ባለው ባዶ ውቅያኖስ በሚያልፉ በረራዎች ላይ ነው።

እግረ መንገዴን፣ በሠንጠረዡ ውስጥ አንዳንዱ ቁጥር በኪሎ ሜትር አንዳንዱ በማይል ሳይሆን አይቀርም። በአቪዬሽን ሰዎች አፍ ማይል ማለት ኖቲካል ማይል ነው፤ 1,852 ሜትር። የመንገድ ማይል 1,609 ሜትር ነው። ሁለቱን ማደባለቅ 10,000 ኪሎ ሜትሩን 8,700 ያደርገዋል።

ወደ 900ው ልለፍ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው፣ ሐሰትም አይደለም። ትልልቆቹ የረዥም ርቀት ጄቶች ከፍታ ላይ ከድምፅ ፍጥነት 85 በመቶ ገደማ ይበራሉ። እዚያ ላይ አየሩ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የድምፅ ፍጥነት በሰዓት 1,060 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሰላ 900 ይመጣል። ችግሩ ይህ ፍጥነት በአየሩ ውስጥ የሚለካ፣ መካከለኛው የበረራ ክፍል ላይ ብቻ የሚገኝ መሆኑ ነው። አውሮፕላኑ ከበሩ ሲነቀል ወደ ማኮብኮቢያው በዝግታ ይንፏቀቃል። ተራ ይጠብቃል። ከተነሳ በኋላ ከፍታው ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ለማረፍ ከ200 ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ መውረድ ይጀምራል። አየር መንገዶች በፕሮግራማቸው ላይ የሚያወጡት ሰዓት ይህን ሁሉ ያካትታል፤ ከመነሻው በር እስከ መድረሻው በር ነው የሚቆጠረው።

ስሌቱን በታወቁ በረራዎች ላይ እንፈትሸው። ሲንጋፖር ከኒው ዮርክ 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለ900 ሲካፈል 17 ሰዓት ይሆናል። ፕሮግራሙ ላይ ያለው ከ18 ሰዓት ተኩል ይበልጣል። ፐርዝ ከለንደን 14,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ በስሌቱ 16 ሰዓት፣ በፕሮግራሙ ወደ ለንደን ሲኬድ ከ17 በላይ። ከለንደን ወደ ኒው ዮርክ ደግሞ 5,550 ኪሎ ሜትር ነው። ስሌቱ 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይላል። ተሳፋሪው የሚቀመጠው 8 ሰዓት ያህል ነው።

ከዚህም በላይ አውሮፕላን ያንን አጭር መስመር ሁልጊዜ አይከተልም። የአውስትራሊያው አየር መንገድ ቃንታስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ከለንደን ሲድኒ ድረስ ያለ ማረፍ የሙከራ በረራ አድርጎ ነበር። አጭሩ ርቀት 17,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተበረረው ግን 17,800 ኪሎ ሜትር ሲሆን 19 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ፈጀ።

አንዳንዴ መንገዱን የሚወስነው ፖለቲካ ነው። የፊንላንዱ ፊንኤር ከሄልሲንኪ ቶኪዮ በሩሲያ ሰማይ ላይ አልፎ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበር ነበር። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2022 ወዲህ የሩሲያ የአየር ክልል ለአውሮፓ አየር መንገዶች ተዘጋ። ያው አየር መንገድ፣ እነዚያው ሁለት ከተሞች፣ በረራው ግን 13 ሰዓት ገደማ ሆነ። አንዳንድ ጊዜ የሚሄዱት በሰሜን ዋልታ ዞረው ነው። በከተሞቹ መካከል ያለው ርቀት አንድ ሜትር እንኳ አልተለወጠም። በጸሐፊው ስሌት ግን የአሁኑም የድሮውም በረራ ከዘጠኝ ሰዓት በታች ይሆናል።

ርቀቱ ረዝሞ ሰዓቱ የሚያጥርበትም አለ። ኤር ኢንዲያ ከዴልሂ ሳን ፍራንሲስኮ በአትላንቲክ በኩል 13,900 ኪሎ ሜትር ይበር ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 በፓስፊክ በኩል ሞከረ። መንገዱ 15,300 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ 1,400 ኪሎ ሜትር ጨመረ ማለት ነው። አውሮፕላኑ ግን በ14 ሰዓት ተኩል ደረሰ፤ ከቀድሞው ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ። ርቀትን ለአንድ ቋሚ ቁጥር የሚያካፍል ዘዴ ይህን በምንም መንገድ ሊያስረዳ አይችልም። የሚያስረዳው ንፋስ ነው።

የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልየው።

ምድር ስለምትዞር አንዱ አቅጣጫ ይፈጥናል የሚለው ወሬ በጣም የተሰራጨ ነው። ምድር ወደ ምሥራቅ ትዞራለች፤ በምድር ወገብ ላይ ፍጥነቷ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ባለበት ቢቀርና ምድር ብቻዋን ብትዞር ኖሮ አንድ ሄሊኮፕተር ምድር ወገብ ላይ ተነስቶ አንድ ሰዓት ባለበት ተንሳፍፎ ሲወርድ 1,670 ኪሎ ሜትር ርቆ ያርፍ ነበር። እንዲህ አይሆንም። አየሩ ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል፤ ማኮብኮቢያው ላይ የቆመው አውሮፕላንም እንዲሁ። ሲነሳ ያንን ፍጥነት ይዞት ነው የሚነሳው።

ደግሞም ወሬው እውነት ቢሆን ሊፈጥን የሚገባው ወደ ምዕራብ የሚሄደው በረራ ነበር፤ መድረሻው ወደ እርሱ እየመጣለት ነውና። የሚታየው ተቃራኒው ነው። ከኒው ዮርክ ወደ ለንደን የሚሄደው ከሚመለሰው በአንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጥናል። ከቶኪዮ ወደ ሎስ አንጀለስ 10 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከሎስ አንጀለስ ወደ ቶኪዮ 12 ሰዓት ይጠጋል።

ምክንያቱ ጄት ስትሪም የሚባለው ኃይለኛ ንፋስ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ልክ ጄቶቹ በሚበሩበት ቦታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። የሚፈጠረው በሞቃቱና በቀዝቃዛው አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ነው። ወደ ምሥራቅ የሚያጣምመው የምድር መዞር ነው፤ ስለዚህ የምድር መዞር ከነገሩ ጨርሶ የለበትም አልልም። ግን የሚሠራው በንፋሱ በኩል እንጂ ምድር ከአውሮፕላኑ ሥር እየሸሸች አይደለም። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ክረምት፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ቀዝቃዛ ወራት፣ የሙቀት ልዩነቱ ስለሚሰፋ ንፋሱ ይበረታል። በዚህ ምክንያት የአንዱ መስመር ፕሮግራም በክረምትና በበጋ ይለያያል።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ከወንበራችሁ ፊት ባለው ስክሪን ላይ የበረራውን ካርታ ክፈቱ። ከፍታና የውጭ ሙቀት ከተጻፈበት አጠገብ አውሮፕላኑ ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት ይታያል። ወደ ምሥራቅ ስትበሩ 1,000፣ አንዳንዴም 1,100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ታያላችሁ። ስትመለሱ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን፣ በዚያው ከፍታ ላይ፣ 800 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ያው ነው። የተለወጠው ከኋላ የሚገፋው ንፋስ ከፊት የሚመታ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ሲያራ የተባለው አውሎ ነፋስ በነበረበት ሰሞን አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ። ከመሬት አንጻር ፍጥነቱ በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። የድምፅን ግድግዳ ግን አልጣሰም፤ በአየሩ ውስጥ የነበረው ፍጥነት የተለመደው ነውና።

ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚበሩ መስመሮችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። በለንደንና በኬፕ ታውን መካከል የመሄጃና የመመለሻ ልዩነት ትንሽ ነው። ንፋሱ እዚያ ላይ በአብዛኛው ከጎን ነው የሚመጣው።

አሁን ይካካሳል ወደሚለው። ይህ አባባል ትክክል ይመስላል፤ ስንቀንስና ስንደምር ግን አይወጣም። ቶኪዮና ሎስ አንጀለስ 8,800 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ እንበል። ንፋስ ከሌለ በ900 ፍጥነት ደርሶ መልሱ 19 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ነው። ንፋሱ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢሆን ሲሄድ በ1,000፣ ሲመለስ በ800 ይበራል። መሄጃው 8 ሰዓት ከ48 ደቂቃ፣ መመለሻው 11 ሰዓት። ሲደመር 19 ሰዓት ከ48 ደቂቃ። 15 ደቂቃ ጠፋ። ምክንያቱም ንፋሱ የሚጠቅመን ለአጭር ጊዜ ነው፤ የሚጎዳን ለረዥም ጊዜ። መመለሻው ላይ ብዙ ሰዓት ስለምንቆይ ጉዳቱም ብዙ ሰዓት ይሠራብናል። ንፋሱ በበረታ ቁጥር ኪሳራው ያድጋል።

አየር መንገዶቹ ይህንን አሳምረው ያውቁታል። ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ንፋሱን ፈልገው ይገቡበታል፤ ወደ ምዕራብ ሲበሩ ይሸሹታል። በሰሜን አትላንቲክ ላይ ዋና ዋናዎቹ መስመሮች በየቀኑ እንደ ንፋሱ ሁኔታ እንደ አዲስ ይወጣሉ። ከሲንጋፖር ወደ ኒው ዮርክ የሚሄደው በረራ አብዛኛውን ጊዜ በፓስፊክ ዞሮ የሚሄደውም ለዚሁ ነው። እንግዲህ በመሄጃና በመመለሻ የሚለያየው ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን የተበረረው ኪሎ ሜትርም ነው።

ስለ ቲኬቱ ሰዓት ብዙ አልልም። ቲኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው የራሱ ሰዓት ነው። በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከቶኪዮ 17፡00 ተነስቶ 10 ሰዓት የበረረ አውሮፕላን፣ በክረምት ከሆነ፣ ሎስ አንጀለስ የሚደርሰው በዚያው ቀን 10፡00 ነው። ቲኬቱን የሚቀንስ ሰው ከመነሳቱ ከሰባት ሰዓት በፊት እንደደረሰ ያገኛል። ሲመለስ 11፡00 ተነስቶ 12 ሰዓት ቢበር ቶኪዮ በማግሥቱ 16፡00 ይደርሳል፤ በስሌቱ 29 ሰዓት። ከሁሉም የሚገርመው ሳሞአ ነው። ሳሞአ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ታኅሣሥ 30 የተባለውን ቀን ዘላ አንዱ ቀን ከሌላው የሚለይበትን የቀን መስመር ተሻገረች። አሁን ከአፒያ ወደ ፓጎ ፓጎ፣ ወደ አሜሪካን ሳሞአ፣ የሚወስደው በረራ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የሚደርሰው ግን ትናንት ነው። መቀነስ የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ ሁለቱንም ሰዓቶች ወደ ዩቲሲ፣ ማለትም ዓለም በጋራ ወደሚጠቀምበት መነሻ ሰዓት፣ ቀይሩ። ባሕር ማዶ በሞቃቱ ወራት ሰዓቱን ወደፊት የሚገፉበት የበጋ ሰዓት የሚባለውም በየአገሩ በተለያየ ቀን ስለሚጀምር የዚያን ሳምንት ልዩነት አረጋግጡ።

የቀረው ትራንዚት ነው። ሁለት በረራ መደመር የበረራ ሰዓት ይሰጥ ይሆናል፤ የጉዞ ሰዓት አይሰጥም። መካከል ላይ መውረድ፣ ፍተሻ፣ አንዳንድ አገር ላይ ኢሚግሬሽን፣ ሻንጣ ተቀብሎ እንደገና ማስረከብ አለ። ሁለቱ ቲኬቶች ለየብቻ የተቆረጡ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ ምንም ግዴታ የለበትም። በአንድ ቲኬት የተያያዘ ኮኔክሽን ሲሆን ግን አየር መንገዱ በሚቀጥለው በረራ ያሳፍራችኋል።

ጸሐፊው የዛሬ በረራዎች የሚያጥሩት አውሮፕላኖቹ እየፈጠኑ ስለመጡ ነው ማለታቸውንም እዚሁ ላንሳው። የተሳፋሪ ጄቶች ፍጥነት ከ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ከቦይንግ 707 ወዲህ፣ እምብዛም አልጨመረም። ከዚህ ውጭ የሆነው በዋናነት ከድምፅ የሚፈጥነው ኮንኮርድ ነበር፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2003 አቆመ። የተቀነሰው በየመንገዱ የሚደረገው ማረፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ከሲድኒ ለንደን የሚወስደው ጉዞ በየመንገዱ እያረፈ አራት ቀን ይፈጅ ነበር። ትልቁን ልዩነት ያመጣው ነዳጅ ሳይሞሉ ሩቅ መሄድ መቻል ነው። ትራንዚትን እንደ ሁለት ቁጥር ድምር ብቻ ማየት ይህን ታሪክ ሁሉ መሸፈን ነው።

ጸሐፊውን የምለምናቸው አንድ ነገር አለ። ሠንጠረዡ አሁንም እየተሰራጨ ነው፤ ቢያስተካክሉት ብዙ ሰው ይጠቀማል። የርቀቱ ዓምድ በሉል ላይ በተለካው አጭር መንገድ ይሞላ፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚያሰሉ መሣሪያዎች አሉ። የሰዓቱ ዓምድ ለሁለት ይከፈል፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ። ቁጥሮቹም በማካፈል የመጡ ሳይሆኑ ከአየር መንገዶቹ ፕሮግራም የተወሰዱ ይሁኑ፤ አጠገባቸውም የትኛው ወር እንደተወሰደ ይጻፍ። ሄልሲንኪና ቶኪዮን የመሰሉ መስመሮች ላይ ደግሞ ከየካቲት 2022 በፊት ወይስ በኋላ የሚለው ይጨመር።